ተንቀሳቃሽ የመብረቅ ጠቋሚ

ተንቀሳቃሽ የመብረቅ ጠቋሚ መብረቅ የሚለቀውን የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ ነጎድጓዳማ ዝናብ ምን ያህል እንደራቀ፣ እንዲሁም እየቀረበ ወይም እየራቀ መሆኑን የሚገምት አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። በባትሪ ይሠራል፤ በእጅ ይያዛል ወይም ከቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል። ብዙዎቹ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ያለን መብረቅ ይለያሉ። ይህ ርቀት የሰው ጆሮ ነጎድጓድ ሊሰማ ከሚችልበት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

መሣሪያው መብረቅን አይከላከልም፤ የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜው ጥቅም ላይ የሚውለው ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊደረስበት የሚችል አስተማማኝ መጠለያ ሲኖር ነው። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር፣ ንባቡ ምን ማለት እንደሆነና ከንባቡ ተነሥቶ መቼ ወደ መጠለያ መሄድ እንደሚገባ የመቀሌን ከተማና አካባቢዋን ምሳሌ እያደረገ ያስረዳል።

ቃላት

በዕለታዊ ንግግር መብረቅ፣ ብልጭታና ነጎድጓድ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይሰማል። በዚህ ጽሑፍ መብረቅ ማለት የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ራሱ፣ ብልጭታ ማለት ከፍሰቱ የሚወጣው ብርሃን፣ ነጎድጓድ ማለት ደግሞ ድምፁ ነው። በትግርኛ መብረቅ «በርቂ»፣ ነጎድጓድ «ነጎዳ» ይባላል። ብርሃን፣ ድምፅና የሬዲዮ ሞገድ ከአንድ ክስተት የሚወጡ ሦስት ምልክቶች ናቸው። ዓይን የመጀመሪያውን፣ ጆሮ ሁለተኛውን፣ ጠቋሚ መሣሪያ ሦስተኛውን ይቀበላል።

የመብረቅ አፈጣጠር

ፀሐይ መሬትን ስታሞቅ ከመሬት አጠገብ ያለው እርጥብ አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ እያለ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው ተንም መጀመሪያ ወደ ውኃ ጠብታ፣ ከዚያም ወደ በረዶ ይለወጣል። በዚህ ሁኔታ ወደ ላይ የሚቆለለው ረጅም ደመና የነጎድጓድ ደመና ወይም ኩሙሎኒምበስ ይባላል። በደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚወጡ ቀላል የበረዶ ቅንጣቶች ከከባድ የበረዶ እንክብሎች ጋር ይጋጫሉ፤ በግጭቱም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለዋወጣሉ። ብዙውን ጊዜ የደመናው አናት ፖዘቲቭ፣ መካከለኛውና የታችኛው ክፍል ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል።

የቻርጁ ልዩነት አየር ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ ሲሆን መብረቅ ይከሰታል። አብዛኛው መብረቅ እዚያው ደመና ውስጥ ወይም በደመናዎች መካከል ይቀራል፤ ወደ መሬት የሚወርደው አነስተኛው ክፍል ነው። ወደ መሬት የሚወርደው መብረቅ በአሥር ሜትሮች በሚቆጠሩ ደረጃዎች እየዘለለ ይመጣል። መሬት ሲቃረብ ከዛፍ፣ ከሕንፃ ወይም ከሰው ጭምር ወደ ላይ የሚነሣ ፍንጣቂ ይገናኘዋል። በዚያ ቅጽበት ወደ 30,000 አምፔር የሚጠጋ ፍሰት ያልፋል፤ የመንገዱ ሙቀትም 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። ይህ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። በድንገት የሞቀው አየር ሲለጠጥ የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ ነጎድጓድ ሆኖ ይሰማል።

ፍሰቱ በሚሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ስለሚነሣና ስለሚወርድ የሬዲዮ ሞገድም ያሠራጫል። ሞገዱ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ በጣም ኃይለኛ ነው። በነጎድጓድ ጊዜ የኤኤም ሬዲዮ ጣቢያ ሲያዳምጡ ጠጠር እንደተረጨበት የሚንጫጫው በዚህ ምክንያት ነው። ጠቋሚ መሣሪያ ለሬዲዮ አድማጭ እንከን የሆነውን ይህን ጫጫታ እንደ መረጃ የሚጠቀም ሬዲዮ ነው ማለት ይቻላል።

ታሪክ

መብረቅን በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ከሩቅ የመለየት ሐሳብ ከሬዲዮ ቴክኖሎጂ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ፖፖቭ በ1895 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ለሳይንቲስቶች ያሳየው መቀበያ የነጎድጓድ ሞገዶችን የሚለይ ነበር። የመሣሪያው ዋና ክፍል የብረት ብናኝ ያለበት የመስታወት ቱቦ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ሲደርስ ብናኙ ተያይዞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ደወል ይጮኻል፤ የደወሉ መዶሻም መልሶ ቱቦውን መትቶ ብናኙን ይበትነዋል። በዚህ መንገድ መሣሪያው ለሚቀጥለው መብረቅ ዝግጁ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ትራንዚስተርና የተቀናጀ ሰርኪዩት ሲመጡ ሥራው በኪስ በሚገባ ሣጥን ውስጥ መጠቃለል ቻለ። ስካይስካንና ስትራይክ አለርት በሚል ስም የተሸጡት መሣሪያዎች ለስፖርት አሠልጣኞች፣ ለተራራ ተጓዦችና በሜዳ ለሚሠሩ ሰዎች የታሰቡ ነበሩ። ኤኤምኤስ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ደግሞ ኤኤስ 3935 የሚል መለያ ያለው፣ መብረቅን ለመለየት ብቻ የተሠራ ቺፕ አቀረበ። ቺፑ የመብረቅ ዘንግን በፈለሰፈው በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም «የፍራንክሊን መብረቅ ጠቋሚ» ተብሏል። ተማሪዎችና የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች በራሳቸው የሚገጣጥሟቸው ጠቋሚዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ቺፕ ይሠራሉ።

አሠራር

ኤኤስ 3935 በ500 ኪሎኸርዝ ላይ የተቃኘ ትንሽ የጥቅል ሽቦ አንቴና አለው። ይህ ፍሪኩዌንሲ ከመካከለኛ ሞገድ የኤኤም ጣቢያዎች በታች ይገኛል። ሥራው በአራት ደረጃዎች ይከፈላል።

1. ማድመጥ፦ ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ጥቂት ኃይል እየወሰደ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በማይክሮ አምፔር የሚለካ ስለሆነ ባትሪው ረጅም ጊዜ ይቆያል።

2. ማጣራት፦ ምልክት ሲመጣ ቅርጹን ይመረምራል። የመብረቅ ምልክት በድንገት ከፍ ብሎ ቀስ እያለ የሚወርድ ነው። ሞተር፣ መብራት ወይም የስልክ ቻርጀር የሚፈጥረው ምልክት የተለየ ቅርጽ ስላለው «ረብሻ» ተብሎ ይጣላል።

3. መገመት፦ ምልክቱ የመብረቅ ከሆነ ኃይሉ ይሰላል። አንድ ደካማ ምልክት ግን ከሩቅ ኃይለኛ መብረቅ ወይም ከቅርብ ደካማ መብረቅ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቺፑ በቅርብ ጊዜ የመጡትን ምልክቶች አንድ ላይ ሰብስቦ በስታቲስቲክስ ያሰላል። የሚሰጠው ቁጥር አንዱ መብረቅ የወደቀበት ቦታ ሳይሆን የነጎድጓድ ደመናው የፊት ጫፍ ያለበት ግምታዊ ርቀት ነው።

4. ማሳወቅ፦ ርቀቱ በደረጃዎች ይነገራል። ደረጃዎቹ በኪሎ ሜትር 40፣ 37፣ 34፣ 31፣ 27፣ 24፣ 20፣ 17፣ 14፣ 12፣ 10፣ 8፣ 6 እና 5 ናቸው። ከዚያ በታች ያለው ንባብ ደመናው አናት ላይ ነው ማለት ነው።

ጠቋሚው የማይነግረው

ባለ አንድ አንቴና ጠቋሚ አቅጣጫን አያሳይም። 20 ኪሎ ሜትር ሲል ከሰሜን ይሁን ከደቡብ አይታወቅም። አቅጣጫ የሚገኘው ሰማዩን በማየት ወይም ብዙ ጣቢያዎች ካሉት መረብ ነው።

በቀጥታ አናት ላይ ለሚፈጠር ደመና ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ አይችልም። ከሩቅ እየተጓዘ የሚመጣ ዝናብ አስቀድሞ መብረቅ እየጣለ ስለሚመጣ ይታወቃል፤ እዚያው ተወልዶ የሚያድግ ደመና ግን የመጀመሪያውን መብረቅ ሳይጥል በፊት በሬዲዮ የሚለይበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ጠቋሚው ዝም ማለቱ ሰማዩ ሰላም ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ እየተቆለለ ታችኛው ክፍሉ የሚጠቁር ደመና መሣሪያው ቢጮኽም ባይጮኽም ሊታመን አይገባም።

የሐሰት ማስጠንቀቂያም አለ። የብየዳ ሥራ፣ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ካንዴላ፣ ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነ የስልክ ቻርጀርና አርጅቶ የሚብለጨለጭ ፍሎረሰንት መብራት ጠቋሚውን ሊያታልሉት ይችላሉ። በከተማ ውስጥ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ያለ መሣሪያ ምናልባት ብየዳ ሰምቶ ይሆናል። ሦስት ወይም አራት ጊዜ እየጮኸ ቁጥሩ የሚቀንስ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የመሣሪያው ዋና መረጃ አንዱ ቁጥር ሳይሆን የቁጥሮቹ አካሄድ ነው።

የመቀሌ ሁኔታ

የትግራይ ክልል ዋና ከተማ መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሐሩር አካባቢ ውኃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከከተማዋ መሬት እስከ ደመናው የበረዶ ቀጠና ያለው ርቀት 3,000 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመቀሌ ዝናብ በአብዛኛው የሚዘንበው በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና ከቀትር በኋላ ደመናው ይቆለላል፤ ነጎድጓዱም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት ይመጣል።

ወቅቱ ሰው ከቤት ውጭ የሚበዛበት ወቅትም ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሐምሌና ነሐሴ የአረም ሥራ ወራት ናቸው፤ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋም ልጆች ከከብት ጋር በሜዳ ይውላሉ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች አሸንዳን በየመንደሩና በየአደባባዩ እየዘፈኑ ያከብራሉ። መስከረም ላይ ደግሞ ለመስቀል በዓል ሕዝብ በኮረብታና በሜዳ ይሰበሰባል።

መልክዓ ምድሩም ሌላ ምክንያት ነው። በስተ ምሥራቅ የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ከተማዋን ቁልቁል ያያል፤ በሌሎቹም አቅጣጫዎች ሸንተረሮች አሉ። ከሸንተረር ጀርባ የሚመጣ ደመና ለዓይን የሚገለጠው ከቀረበ በኋላ ነው። በ500 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ግን የመሬቱን ገጽ ተከትሎ ስለሚጓዝ ኮረብታ ብዙም አያግደውም። ጠቋሚው ከዓይን የሚሻለው በዚህ ነው።

የመሣሪያውን ቁጥሮች በካርታ ላይ ማሰብ ይረዳል። ከመቀሌ መሀል በቀጥታ መስመር ሲለካ 10 ኪሎ ሜትር ከኲሓ ጥቂት አለፍ ይላል። 27 ኪሎ ሜትር በደቡብ በኩል ዓዲ ጉዶም አካባቢ ይደርሳል። በ40 ኪሎ ሜትር ክብ ውስጥ በሰሜን ውቅሮ፣ በምዕራብ ሀገረ ሰላም ይገባሉ። በሌላ አነጋገር፣ ውቅሮ ላይ የሚጥል መብረቅ መቀሌ ባለ ጠቋሚ ላይ ሊመዘገብ ይችላል፤ ነጎድጓዱ ግን መቀሌ ላይ አይሰማም።

መቼ መንቀሳቀስ ይገባል

መብረቅ ዝናቡ ካለበት ቦታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የነጎድጓድ ደመና 10 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሁሉም ሰው መጠለያ ውስጥ ገብቶ መጨረስ አለበት። ጥያቄው «10 ኪሎ ሜትር ከመድረሱ በፊት መቼ ልነሣ?» የሚል ነው። መልሱ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በደመናው ፍጥነትና መጠለያው ድረስ በሚወስደው ጊዜ።

ፍጥነቱ ከንባቡ ይሰላል። ለምሳሌ ጠቋሚው የሚከተለውን አሳየ እንበል፦

- ከቀኑ 8፡10፦ 31 ኪሎ ሜትር
- ከቀኑ 8፡18፦ 27 ኪሎ ሜትር
- ከቀኑ 8፡24፦ 24 ኪሎ ሜትር
- ከቀኑ 8፡32፦ 20 ኪሎ ሜትር

በ22 ደቂቃ ውስጥ ደመናው 11 ኪሎ ሜትር ቀርቧል። ይህ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወይም በሁለት ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ 8፡52 ላይ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መጠለያው የ25 ደቂቃ መንገድ ከሆነ መነሻው 8፡27 ነው። 20 የሚለውን ንባብ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል፤ መነሣት የነበረበት መሣሪያው 24 ባለ ጊዜ ነው።

ደንቡ በአጭሩ እንዲህ ይጻፋል፦ የመነሻ ርቀት = 10 ኪሎ ሜትር + (የደመናው ፍጥነት × መጠለያ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ)።

ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሚከተለው ይገኛል፦

- የ10 ደቂቃ መንገድ፦ ደመናው 15 ኪሎ ሜትር ሳይደርስ መነሣት
- የ20 ደቂቃ መንገድ፦ 20 ኪሎ ሜትር
- የ30 ደቂቃ መንገድ፦ 25 ኪሎ ሜትር
- የ40 ደቂቃ መንገድ፦ 30 ኪሎ ሜትር
- የ60 ደቂቃ መንገድ፦ 40 ኪሎ ሜትር

የመጨረሻው መስመር የመሣሪያውን ወሰን ያሳያል። 40 ኪሎ ሜትር ጠቋሚው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ርቀት ነው። ስለዚህ ከመጠለያ ከአንድ ሰዓት በላይ ርቆ ለሚውል እረኛ ወይም ገበሬ ጠቋሚው ብቻውን አይበቃም። ደመናው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ወሰኑ ወደ 40 ደቂቃ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ውሳኔው የሚሰጠው ጠዋት ነው፤ ሩቁ ግጦሽ ከቀትር በፊት ተበልቶ ከብቶቹ ከሰዓት በኋላ ወደ መንደር እንዲጠጉ ማድረግ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል።

በአንጻሩ ያለ መሣሪያ በጆሮ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ነጎድጓድ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ደመናው ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀርብ ነው። በዚሁ ፍጥነት ቢሰላ ለእርሱ የሚቀረው 10 ደቂቃ ነው። ጠቋሚው የሚጨምረው ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያለውን ልዩነት ነው።

ከመጠለያ የመውጫው ጊዜም ደንብ አለው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከደመናው የኋላ ክፍል የሚወርድ መብረቅ ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሰው «አለፈ» ብሎ ሲወጣ ነው።

መጠለያ ምን ዓይነት ነው?

ጠቋሚ የያዘ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አስተማማኝ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የኤሌክትሪክ መስመርና የውኃ ቧንቧ የተዘረጋለት ወይም የመብረቅ መከላከያ ያለው ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ሽቦውና ቧንቧው ፍሰቱን ወደ መሬት ያወርዱታል። በውስጡም ሆነው ከሽቦ፣ ከቧንቧና በሶኬት ከተሰካ ዕቃ መራቅ ይገባል። ሁለተኛው ጣሪያውና ጎኑ ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ ተሽከርካሪ ነው። ሚኒባስና አውቶቡስ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መኪናን የሚያድነው ጎማው አይደለም፤ ፍሰቱ በውጪው ብረት ላይ ተጉዞ ወደ መሬት መውረዱ ነው።

የሚከተሉት መጠለያ ቢመስሉም ከመብረቅ አያድኑም፦

- ባጃጅ፦ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ሸራ ነው።
- የአይሱዙ ጭነት ላይ መሳፈር፦ ሰውየው ከብረቱ ውጭ ነው።
- ብቻውን የቆመ ዛፍ፦ በሜዳ ያለ ዳዕሮ ወይም ባሕር ዛፍ ከዝናብ ያስጠልላል፤ ነገር ግን ረጅም ስለሆነ የመመታት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ፍሰቱ ከግንዱ ወደ ሰው ሊዘል ወይም በሥሩ በኩል መሬቱን ሊሞላ ይችላል።
- የእረኛ ጎጆ፣ የድንጋይ ህድሞና በእንጨት ላይ የተመታ የቆርቆሮ ዳስ፦ ከጣሪያው እስከ መሬት ፍሰቱን የሚያወርድ ብረት ስለሌላቸው ፍሰቱ በሰው በኩል ሊወርድ ይችላል።
- ጥልቀት የሌለው ዋሻና የገደል ጥግ።

የመሬቱ ፍሰት አደጋ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ 323 አጋዘኖች በአንድ ቦታ ሞተው ተገኙ። እያንዳንዳቸው በቀጥታ አልተመቱም፤ ተጠግተው በቆሙበት መሬት ውስጥ የተሠራጨው ፍሰት በእግሮቻቸው በኩል አለፈ። የከብት መንጋና ተጠጋግቶ የቆመ ሰው በዚህ ረገድ አይለያዩም። መሸሻ ያጣ ቡድን ከኮረብታ አናት ወርዶ፣ ከዛፍና ከሽቦ አጥር ርቆ፣ እርስ በርሱም ተራርቆ እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይላል። ይህ ጉዳትን ለመቀነስ የሚደረግ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ ደኅንነት አይደለም።

መጠለያ የተባለው ቤት ራሱ ጥበቃ ከሌለው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይጎዳል። በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ኪርያንዶንጎ ወረዳ ሩንያንያ በተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ የወረደ መብረቅ 18 ተማሪዎችን ገድሏል። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ሩዋንዳ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 16 ሰዎች ሞተዋል። መቀመጫው ካምፓላ የሆነው የአፍሪካ የመብረቅና ኤሌክትሮማግኔቲክስ ማዕከላት መረብ በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች ላይ የመብረቅ መከላከያ ይተክላል። ለገጠር ትምህርት ቤት ጠቋሚ ከመግዛት በፊት ጣሪያውን ከመሬት ጋር በወፍራም የብረት ገመድ ማገናኘትና በትክክል ግራውንድ ማድረግ ይቀድማል፤ ጠቋሚው «ግቡ» ሲል የሚገባበት ቤት የሚኖረው ያን ጊዜ ነውና።

መሣሪያው በሌለበት

መሣሪያው የሌለው ሰው ሁለት ዘዴዎች አሉት። የመጀመሪያው መቁጠር ነው። ብልጭታው ከታየበት ቅጽበት ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለው ሰከንድ ለ3 ሲካፈል ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይገኛል። 30 ሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ከተቆጠረ ጊዜው አልቋል። በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በከፍታ ባለመሆኑ ስሌቱ ባሕር ዳርቻም መቀሌም ያው ነው።

ሁለተኛው ሬዲዮ ነው። ባለ ባትሪ ሬዲዮ ወደ ኤኤም (መካከለኛ ሞገድ) ተቀይሮ ጣቢያ በሌለበት ዝቅተኛ ቁጥር ላይ፣ በ530 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይደረጋል። እያንዳንዱ መብረቅ «ጭርር» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ እየበዛና እየበረታ ከሄደ ነጎድጓዱ እየቀረበ ነው። ኤፍኤም ለዚህ አይሆንም፤ አሠራሩ እንዲህ ዓይነቱን ጫጫታ ስለሚያጠፋ መብረቁ አይሰማበትም። ሬዲዮው ርቀትን በቁጥር አይናገርም፤ ነገር ግን ነጎድጓድ ከመሰማቱ በፊት ጆሮን ያነቃል።

በራስ መገጣጠም

በኤኤስ 3935 ጠቋሚ መሥራት ለኮምፒውተርና ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ተስማሚ ፕሮጀክት ነው። የሚያስፈልገው ቺፑና አንቴናው ያሉበት ቦርድ፣ አርዱዊኖ ወይም ተመሳሳይ ማይክሮ ኮንትሮለር፣ ባትሪና ጩኸት ሰጪ ብቻ ነው። ስህተት የሚበዛባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

- አንቴናው ከ500 ኪሎኸርዝ ከ3.5 በመቶ በላይ እንዳይርቅ መቃኘት አለበት። ካልተቃኘ ርቀቱ የተሳሳተ ይሆናል።
- ቺፑ «ቤት ውስጥ» እና «ደጅ» የሚሉ ሁለት የትብነት ደረጃዎች አሉት። ሲጀመር ያለው የቤት ውስጥ ነው፤ ለሜዳ ሥራ መቀየር ያስፈልጋል።
- ኃይሉን ከስልክ ቻርጀር ማግኘት ረብሻ ያስገባል፤ ባትሪ ይሻላል። ስክሪኑና ማይክሮ ኮንትሮለሩም ከአንቴናው ራቅ ቢሉ ጥሩ ነው።
- ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ንባብ ከሰዓቱ ጋር መመዝገብ አለበት። ከላይ የተገለጸው የፍጥነት ስሌት ያለ ሰዓት አይሠራም።
- መሣሪያው የሚፈተነው በመጠለያ ውስጥ ሆኖ ነው። ንባቡን በብልጭታና በነጎድጓድ ቆጠራ ማመሳከር በመስኮት በኩል ይቻላል።

ሌሎች የመከታተያ መንገዶች

በምድር ላይ የተዘረጉ የመብረቅ መረቦች አንዱን መብረቅ በብዙ ጣቢያዎች ተቀብለው፣ ሞገዱ በየጣቢያው የደረሰበትን ጊዜ በማነጻጸር ቦታውን ያገኛሉ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ መረብና በበጎ ፈቃደኞች ጣቢያዎች የሚሠራው ብሊትዞርቱንግ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከጠፈር ደግሞ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የሦስተኛው ትውልድ ሜቴዎሳት ሳተላይት አፍሪካንና አውሮፓን ያለማቋረጥ እያየ ብልጭታ የሚመዘግብ ካሜራ ይዟል። በአገር ውስጥ የአየር ትንበያ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚጠበቅባቸውን አካባቢዎች በትንበያው ይገልጻል።

እነዚህ ሁሉ ለተጠቃሚው የሚደርሱት በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም በሬዲዮ ሥርጭት ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላም እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመቀሌ ነዋሪ ለረጅም ወራት ስልክና ኢንተርኔት አልነበረውም፤ በሰላሙ ጊዜም ከከተማው ጥቂት ሲርቁ መረብ የማይደርስባቸው ሸለቆዎች አሉ። በኪስ ያለ ጠቋሚ ከደመናው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ስለሆነ መረብ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ጠዋት ትንበያውን መስማት፣ ከሰዓት በኋላ ጠቋሚውን መያዝ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

የተለመዱ የተሳሳቱ አስተሳሰቦች

ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል ሲባል ይሰማል፤ ቀለም በመብረቅ መንገድ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ተንቀሳቃሽ ስልክና ጠቋሚው ራሱም መብረቅ አይስቡም። የሚወስነው የነገሩ ቁመት፣ ብቻውን መቆሙና የአካባቢው ከፍታ ነው። መብረቅ አንድን ቦታ ሁለት ጊዜ አይመታም የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ረጃጅም ማማዎች በዓመት ደጋግመው ይመታሉ።

በመብረቅ ለተመታ ሰው

በመብረቅ ከተመቱት ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት ይተርፋሉ። በተጎጂው ሰውነት ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ስለዚህ ወዲያውኑ መንካት አያሰጋም። መብረቅ የሚገድለው በዋናነት ልብንና መተንፈስን በማቆም ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተጎዱ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚያቃስቱት ሳይሆን ለማይተነፍሱት ነው፤ የሚያቃስት ሰው እየተነፈሰ ነውና ሊጠብቅ ይችላል። ለማይተነፍሰው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እየተጫኑ የአፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትና አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል። ነጎድጓዱ ካላቆመ ረዳቶቹም አደጋ ላይ ስለሆኑ ተጎጂውን ወደ ቅርብ መጠለያ ማንሣት ይቻላል። የነቃ ሰውም ቢሆን የልብ፣ የጆሮና የነርቭ ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።